ስለ ተሸጠው ጥድ

ከመካከላችን የአንዱ ትምህርት የተከፈለው በጥድ ነው። ለቀልድ አይደለም የምንለው። ጓደኛችን ከሦስት ዓመት በፊት ከጂንካ በላይ ካለው የአሪ ደጋ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ፣ መሳፈሪያውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሁለት ሱሪና አንድ ጃኬቱን፣ የመጀመሪያውንም ዓመት የኪስ ገንዘብ ያገኘው አባቱ ከእንሰቱ ጓሮ በላይ ቆሞ የነበረውን ጥድ ሸጠው ነው። ነገሩን ያወጣው አንድ ምሽት በመኝታ ክፍላችን ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ አፋችንን ሞልተን ስንከራከር ነበር። አንዳችን «ደን የሚጨፈጭፍ ሰው በመጪው ትውልድ ላይ ወንጀል ይሠራል» ብሎ ሲደመድም፣ እሱ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ «እንግዲያው ወንጀሉ ይኸውላችሁ፤ ለብሼው ነው የማድረው» አለን። ሳቅን። ቆየት ብሎ ግን ሳቁ አልዋጥ አለን።

«መጪው ትውልድ» የሚለው ቃል በየስብሰባውና በየመጽሔቱ እንደ ጨው ይነሰነሳል። እኛም ነስንሰነዋል። ለመሆኑ ይህ መጪው ትውልድ የሚባለው ማነው? ስም የለው፣ መልክ የለው፣ ተበደልኩ ብሎ ከዳኛ ፊት አይቆም። የጓደኛችን አባት ግን ፊት ለፊታቸው የቆመ ልጅ ነበራቸው። ልጁ ፈተና አልፏል፤ መሳፈሪያ የለውም። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ገና ላልተወለደ ሰው ዕዳ አለብን ወይ? ካለብንስ፣ የተወለደው ሲቸግረው ማን ይቅደም?

ስለ ዛፍ ከመፍረድ በፊት ዛፉን ማወቅ ይቀድማል፤ እኛ ደግሞ አናውቀውም ነበር። የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን። በከተማ ያደግነው ጥድ ሲባል ትዝ የሚለን በየትምህርት ቤቱ አጥር ተሰልፎ የሚከረከመው የፈረንጅ ጥድ ነው። እሱ ሌላ ነው፤ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። የሚያስቀው፣ የሳይንስ ስሙ «ፖርቱጋላዊ» ማለት መሆኑ ነው፤ ፊሊፕ ሚለር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1768 ስም ሲያወጣለት የታወቀው ፖርቱጋል ውስጥ ተተክሎ ነበርና። የፈረንጁ ጥድ ለካ ለፈረንጆቹም እንግዳ ኖሯል። የአገሩ ጥድ ግን ከዚሁ ከእኛ ምድር ተለቅሞ ነው የተመዘገበው። ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከዕድሜው እኩሌታ በላዩን በሰሜን ኢትዮጵያ ዕፅዋት ሲለቅም የኖረ ሰው፣ የላከውን ናሙና ይዘው የአውሮፓ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1847 ጁኒፐረስ ፕሮሴራ አሉት። ፕሮሴራ በላቲን ረጅም፣ ሎጋ ማለት ነው። እኛ ጥድ ወይም ጽድ እንላለን፤ በትግርኛ ጽሕዲ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ ይባላል።

ሎጋነቱ እውነት ነው። በዓለም ላይ ከ50 በላይ የሚሆኑ ዘመዶች አሉት፤ ብዙዎቹ ቁጥቋጦዎች ናቸው። የእኛው እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። ዘመዶቹ ሁሉ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሲቀሩ፣ እሱ ብቻ ከዐረብ ተራሮች ጀምሮ በኤርትራና በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል ወገቡን ተሻግሮ እስከ ማላዊና ዚምባብዌ ይገኛል። የዕፅዋት ምሁራን ኮኒፈር ከሚሉት ወገን በኢትዮጵያ አገር በቀል የሆኑት ዛፎች እሱና ዝግባ ብቻ ናቸው። የሚወደው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ያለውን፣ ደረቅ ያለውን ተራራ ነው። በልጅነቱ ቅጠሉ እንደ መርፌ ይዋጋል፤ ሲጎለምስ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይለሰልሳል። (ሰው በተቃራኒው ነው ያለ ጓደኛ አለን።) እንጨቱ ቀላ ያለ፣ ሽታው ቶሎ የማይለቅ፣ ምስጥ የማይደፍረው ነው። አያቶቻችን የቤት ቋሚውን፣ የአጥሩን እንጨት፣ የቤተ ክርስቲያኑን በርና ጣሪያ ከጥድ የሠሩት ለዚህ ነው። እንግሊዞችም ኬንያን በያዙበት ዘመን እየቆረጡ ለእርሳስ የጫኑት ለዚሁ ነው። ጥድን ያስጨረሰው ይኸው መልካምነቱ ነው።

ለጥያቄያችን ዋናው ግን ሌላ ነው። ጥድ ወንዴና ሴቴ አለው፤ በአብዛኛው ወንዴው ዛፍ ለብቻው፣ ሴቴዋም ለብቻዋ ይቆማሉ። ወንዴው ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል። ሴቴዋ ትቀበልና ከሽንብራ የማትበልጥ፣ ሰማያዊ ጥቁር ሆና አመድ የተነፋባት የምትመስል ፍሬ ትይዛለች፤ በውስጧ ከአንድ እስከ አራት ዘር ይገኛል። ወፎች ይበሉታል፤ በልተው በሄዱበት ይጥሉታል። የፈረንጁ ጥድ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ ግንድ ላይ ይዞ ስለሚኖር ብቻውን ቢቀር እንኳ ፍሬ አያጣም። የአገሩ ጥድ ብቻውን ከቀረ በቁሙ አበቃለት። ችግኝ ሳለ ደግሞ ወንዴ ይሁን ሴቴ ማንም አይለየውም፤ ለአቅመ ፍሬ እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ ነው። አንድ የቆየ ዛፍ ለጥላ ወይም ለይሉኝታ ትቶ ሌላውን የጨረሰ ገበሬ ምሕረት ያደረገ ይመስለዋል፤ እኛም ይመስለን ነበር።

ሌላም ያስገረመን ነገር አለ። የጥድ ችግኝ ጥላ አይወድም። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ፣ ከእናቱ ሥር፣ አይነሣም፤ ብርሃን የሚያገኝበት ጠርዝና ገላጣ ቦታ ይፈልጋል። ዙሪያውን አጥሮ «አትንኩ» ማለት ብቻውን ላይበቃ ይችላል ማለት ነው፤ ጥላ የሚችሉት እነ ዝግባ በጊዜ ብዛት ቦታውን ይወርሱታል። ክልከላ የሥነ ምግባር ሁሉ መጨረሻ ይመስለን ለነበርነው ይህ ትልቅ ዱላ ነበር።

ታዲያ ጥድ ብርቅ ነው ወይ? ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በሚያዘጋጀው መዝገብ ውስጥ ከማያሳስቡት ተርታ ነው የተጻፈው፤ ከዐረብ ተራሮች እስከ ዚምባብዌ ሲደመር ገና ብዙ ነውና። በእኛ አገር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ግን ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ስማቸውን ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አንዱ መዝገብ አትሥጉ ይላል፤ ሌላው አትንኩ ብሎ ነበር። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ የሚቆጥረው ዝርያውን ነው፣ ሌላው አገሩን። ጓደኛችን ያደገበት ተረተር ደግሞ በሁለቱም መዝገብ ላይ የለም። እዚያ ላይ ጥዶቹ ሁለት ነበሩ። አሁን አንድ ነው።

በዘንድሮው የሴሚስተር ዕረፍት አራት ሆነን ወደ ቤታቸው ወረድን። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ኮንሶ። ኮንሶ ላይ ማደራችን ለዚህ ጽሑፍ በጀን። በኮንሶ መንደሮች ውስጥ ሰው በሚሰበሰብበት አደባባይ፣ ሞራ በሚሉት፣ ረጃጅም ደረቅ ግንዶች በአንድነት ታስረው ቆመው ይታያሉ። ኦላሂታ ይባላሉ፤ የትውልድ ምሰሶ እንበለው። አንዱ ትውልድ ኃላፊነቱን ለሚከተለው ሲያስረክብ፣ በ18 ዓመት አንዴ ገደማ፣ አንድ ግንድ ይጨመርበታል። ምሰሶዎቹን የቆጠረ የመንደሩን ዕድሜ ያውቃል። ግንዱ የጥድ ነው፤ የሚመጣውም የጎሳ አባቶቹ ፖቃላዎች ከሚጠብቁት ደን ነው። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከድንጋይ እርከኑ ጋር ይህም ሥርዓት ተጠቅሷል። ያን ዕለት «ጥሩ ነው» ብለን ፎቶ አንሥተን አለፍን። ትርጉሙ የገባን በኋላ ነው።

በወይጦና በቀይ አፈር አድርገን ጂንካ ስንገባ ቅዳሜ ነበር። ገበያው ጢም ብሏል። ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረው የከተማው መሐል ሜዳ ላይ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ። ከጂንካ ወደ ታች የማጎና የኦሞ ቆላ ነው፤ ወደ ላይ የአሪ ደጋ። ከተማዋ ራሷ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ጥድ የሚጀምረው ከእሷ በላይ መሆኑ ነው። በመንገድ ዳር የባሕር ዛፍ አጣና ተቆልሎ ይሸጣል። የጥድ እንጨት አለ ወይ ብለን ብንጠይቅ አንዱ ነጋዴ «እናንተ ደግሞ የት ነበራችሁ?» አለን።

ሽቅብ ወጣን። የጓደኛችን አባት የተቀበሉን ጉቶው ላይ ተቀምጠው ነው። ሆን ብለው አይደለም፤ መቀመጫቸው ሆኗል። ሽታው ከሦስት ዓመት በኋላም አለ። እኛም ምሁር ነን ብለን የጉቶውን ቀለበት መቁጠር ያዝን። አንዱ 112፣ አንዱ 140፣ አንዱ ከ150 በላይ ብሎ ተጣላን። ወደ ኋላ ስናነብ ጥፋቱ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን፤ እንደዚህ ዝናቡ በዓመት ሁለት ወቅት በሚመጣበት አገር ጥድ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል። ያም ሆነ ይህ፣ ያ ዛፍ ሲበቅል የጓደኛችን አባት አልተወለዱም።

«አባባ፣ ሲሸጡት አላሳዘነዎትም?» አልናቸው። ጥያቄው እንደ ወጣ አፈርንበት።

«ልጆቼ፣ ልጁ ሊቀር ነበር። ላሟም ነጥፋ ነበር። ሌላ ምን ነበረኝ?» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም ቀና እላለሁ። ሰማዩ ሰፍቶብኛል» አሉን።

ቤት ገብተን የቡና ቅጠል ፍሉን በቅል እየጠጣን ክርክሩን ቀጠልን። አንዳችን ከዚያው አካባቢ ምሳሌ አመጣ። ቆላው ውስጥ፣ ኦሞ ኪቢሽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው አጽም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት 230,000 ዓመት ገደማ ተገምቷል። «እነዚያ ሰዎች ስለ እኛ አስበው ያውቃሉ? አላሰቡም። ይኸው ደርሰናል» አለ። ጓደኛችን «እነሱ ሞተር መጋዝ አልነበራቸውም» ብሎ ዘጋው። መልስ አይባልም እንዳትሉ። ያልተወለደን ሰው መጉዳት መቻል ራሱ አዲስ ሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑ የሌለው ሰው ዕዳውም የለበትም።

ሌላው ከፍልስፍና ኮርሳችን ከባዱን አመጣ። ዴሪክ ፓርፊት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣው እንቆቅልሽ አለ። ወደ እኛ ጉዳይ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል፦ ጥዱ ባይሸጥ ጓደኛችን ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ባይገባ ወደፊት የሚያገባት ሌላ ሴት ናት፤ የሚወልደውም ሌላ ልጅ ነው። እንግዲህ ከ30 ዓመት በኋላ አንድ ልጅ መጥቶ «አያቴ ጥዴን ለምን ሸጠብኝ?» ቢል፣ ያ ልጅ የተወለደው ጥዱ ስለተሸጠ ነው። ጥዱ ቢቆም እሱ አይኖርም። ማንን በደልን ታዲያ? ከሳሹ የበደሉ ልጅ ነው!

በዚህ ተደንቀን ሳለ፣ ቅሉን ትሞላልን የነበረችው የጓደኛችን እኅት ተናገረች። «እናንተ ስለ ያልተወለደ ትጨቃጨቃላችሁ። እኔ ተወልጃለሁ። ጥዱ ሲሸጥ ስምንተኛን ጨርሼ ነበር። ጂንካ ቤት ተከራይታ ትማር ያለ ሰው አለ? አንድ ጥድ ነው፤ ለአንድ ልጅ ሆነ» አለች። ደንግጠን ዝም አልን። አባትየው መሬት መሬት አዩ። ወንድምየው ቅሉን አስቀመጠ። በሙግታችን ውስጥ «የተወለደው» ስንል ለካ ወንዱን ልጅ ብቻ ነበር የቆጠርነው። ስለዚህ ስለ ጥድ የምንጽፈው ሁሉ ከዚህ ዓረፍተ ነገር በኋላ ጎደሎ ነው። እኅትየው እንድትማር ምን መደረግ አለበት የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም ብለን ልናልፈው ነበር፤ ግን ጉዳዩ ነው። ችግር አንድ ዛፍ ሲያስቆርጥ ብዙ ጊዜ ከዛፉ ጋር የአንድ ሰውም ተራ ይቆረጣል።

ተራ። እዚህ ቃል ላይ ስንደርስ ኮንሶ ትዝ አለን።

የኮንሶ ጎሳ አባት በደኑ ውስጥ ጥድ ሲያቆም ለማን እንደሚያቆመው በስም አያውቅም። ከ18 ዓመት በኋላ፣ ከ36 ዓመት በኋላ ምሰሶውን የሚተክሉት እነማን እንደሆኑ ማን ያውቃል? የሚያውቀው ተራው እንደሚመጣ ነው። ዕዳው ለተራው ነው፤ ተራው ላይ የሚቆመው ማንም ይሁን። በእንደዚህ ያለ ሥርዓት የፓርፊት እንቆቅልሽ አቅም ያጣል ብለን እናምናለን። የተበደለው እገሌ የተባለ ልጅ ነው አይባልም፤ ባዶ የሆነው የቆመበት ቦታ ነው። ሹመት ላይ ያለ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ካዝና አራቁቶ ቢሄድ፣ ተተኪው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ዕዳ አለበት እንደምንለው ማለት ነው። ደግሞም ኮንሶዎች ጥድ አይቆረጥ አላሉም። ይቆርጡታል፤ በወቅቱ፣ በቁጥሩ፣ ሁሉ እያየ። እንዲህ የተቆረጠው ግንድ ከቆመው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያገኛል።

ይህን ስንል የጓደኛችንን አባት ልንከስ አይደለም። ስለ ወፍ ዋሻና ስለ መናገሻ ደን የሚነገረውን ሁላችንም ሰምተናል፤ በ15ኛው ምዕተ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው መናገሻ ላይ አስተከሉ ይባላል። ሺምፐር ናሙናውን ከመላኩ 400 ዓመት በፊት ማለት ነው። ይህን እየጠቀሱ ገበሬውን «አርቀህ አስብ» የሚሉ አሉ። ንጉሥ አርቆ ማሰብ ይችላል፤ ጎተራው ሙሉ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፣ ጥድ የሰው ዕድሜ ይጠይቃል፤ ባሕር ዛፍ የተከለውን ድኻ አላዋቂ ማለት ለእኛ ነውር ሆኖ ይታየናል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ እኛም በየክረምቱ ጉድጓድ ቆፍረናል፤ የተሰጠንን ተክለናል፤ ፎቶ ተነሥተናል። የተከልነው ምን ዓይነት ዛፍ እንደነበረ አሁን ብትጠይቁን አናውቅም። ተመልሰንም አላየነውም። እንግዲህ አርቆ ያላሰበው ማነው?

ተራን የሚጠብቅ ሥርዓት በሌለበት፣ አንድ አባት ብቻቸውን በአንድ ሌሊት የትውልድን ሒሳብ እንዲሠሩ ተገደዱ። የኮንሶው ሽማግሌ ብቻውን አይወስንም፤ ደኑም ለልጁ መሳፈሪያ አይሸጥም። ለልጁ መሳፈሪያ ግን ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት። ከየት? በዚህ ላይ አራታችን እስከ አሁን አልተስማማንም። አንዱ ጎረቤት ያዋጣ ይላል፤ አንዱ መንግሥት ይላል፤ ጓደኛችን ራሱ «ተመርቄ እከፍለዋለሁ» ይላል፤ ለማን እንደሚከፍል ሲጠየቅ ዝም ይላል።

በማግስቱ ጠዋት የቀረውን ጥድ ልናይ ወረድን። ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ፣ ከእንሰቱ በታች ቆሟል። ሐሳባችን ግልጽ ነበር፤ ፍሬ ለቅመን ዘሩን አውጥተን ብርሃን ባለበት ጠርዝ ላይ እንዘራለን። ሁላችንም አንገታችንን አቅንተን ሰማያዊዋን ፍሬ ፈለግን። መሬቱንም በእጃችን ዳሰስን። ምንም የለም። ጓደኛችን ወጣበት፤ ቅርንጫፉን አራግፎ ሲወርድ እጁ ላይ ቢጫ ዱቄት ብቻ ነበር።

አባቱ ከኋላችን ቆመው ያዩናል። ፍሬውን እየፈለግን መሆናችንን ነገርናቸው።

«ፍሬማ ያቺ ነበረች የምትይዝ» አሉ ወደ ጉቶው እያመለከቱ። «ወፉ የሚሰፍረው እሷ ላይ ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚያንጫጫው ሁሉ።»

ከዚያ በላይ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ በአንድ ደብር ቅጥር ግቢ ውስጥ ሦስት ጥዶች አሉ ብለው አንድ ጎረቤት ነግረውናል። ሴቴ ትኑርበት አትኑርበት አላዩም። ከፈተና በኋላ ተመልሰን እንወጣለን፤ እኅትየው መንገዱን አውቀዋለሁ ብላለች።